ታኪተስ፣ ሱዌቶኒየስ ወይስ ዲዮ? ለቀደምት የሮም ቄሣሮች ፈተና ማንን ማንበብ ይሻላል

ፈተናው እየተቃረበ ሲመጣ በክለሳ የማግዛቸው ተማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ሁሉንም አንብቤ አልጨርስም። ታኪተስን ልያዝ ወይስ ሱዌቶኒየስን? ካሲየስ ዲዮን ብተወውስ?» በብሪታንያ የኤ ሌቨል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) የጥንት ታሪክ የሚወስድ ተማሪ ከ31 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት) እስከ 68 ዓ.ም. የነገሡትን አምስት ቄሣሮች ሲያጠና የሆነውን ነገር ማወቅ ብቻ አይበቃውም። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ምን እንዳሉ ማስታወስ፣ ለምን እንዳሉ መመርመርና ምን ያህል እንደሚታመኑ መፍረድ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ ከትምህርትና ከሥራ በተረፈ ጊዜ መሸከም ከባድ ስለሆነ መምረጥ ግድ ይላል።

ጥያቄው ግን ቢስተካከል ጥሩ ነው። «የትኛው ጸሐፊ ይበልጣል?» ብሎ የሚጀምር ሰው መጨረሻው ድካም ነው። መጠየቅ ያለበት «ለየትኛው ቄሣር የማን ጽሑፍ ተርፎልናል?» ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ የካሊጉላን ዘመን ከታኪተስ ለማጥናት ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፉን ስታገላብጥ ከርማ አጣችው። ልታገኘው አትችልም ነበር፤ ታኪተስ ስለ ካሊጉላ የጻፈው ክፍል አንድም ገጽ አልተረፈም። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ሁለቱ ቀናት ይተርፏት ነበር።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዘመንና ስለ ስም ትንሽ ልበል። እዚህ የተጻፉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእኛ አቆጣጠር ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ በአማርኛ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከሌላው ጋር እያስተያየ የሚያጠና ልጅ ዓመቱን እንዳያደባልቅ መጠንቀቅ አለበት። ስሞቹን በተመለከተ ግን አማርኛ አንባቢ ቀድሞ ያውቃቸዋል፤ የሉቃስ ወንጌል አውግስጦስንና ጢባርዮስን፣ የሐዋርያት ሥራ ደግሞ ቀላውዴዎስን ይጠራሉ። ከአምስቱ አዲስ የሚሆነው ካሊጉላ ብቻ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ጋይዮስ ነው። ኔሮንን በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የማያውቀው የለም።

መመዘኛዎቹ

ጸሐፊዎቹን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። የመጀመሪያውና ዋናው ከጻፈው ውስጥ ምን ተርፎ ደረሰን የሚለው ነው። ሁለተኛው ከድርጊቱ በስንት ዓመት ይርቃል። ሦስተኛው መረጃውን ከየት አገኘ፤ አይቶ ነው፣ መዝገብ አገላብጦ ነው ወይስ ወሬ ሰምቶ? አራተኛው ቂሙና ውለታው የት ላይ ነው። አምስተኛው ደግሞ ለተማሪ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚለው ነው። የአጻጻፍ ውበት እዚህ ውስጥ አልገባም፤ ውበት ያለው ጽሑፍ ለፈታኙ ማስረጃ አይሆንም።

ታኪተስ

በ56 ዓ.ም. አካባቢ ተወልዶ በ97 ኮንሱል (የሮም ከፍተኛ ሹም) የሆነ፣ በኋላም የእስያን ጠቅላይ ግዛት ያስተዳደረ የሴኔት አባል ነው። «ዓመታዊ ዜና» ልንለው የምንችለው መጽሐፉ ከአውግስጦስ ሞት ከ14 ዓ.ም. ተነሥቶ ዓመት በዓመት ይሄዳል፤ የነገሥታቶቻችንን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው አካሄዱ አይከብደውም። ልዩነቱ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አለመሆኑ ነው። ታኪተስ የጻፈው ታሪካቸውን የሚተርክላቸው ቄሣሮች ከሞቱ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመግቢያው ላይም ያለ ቁጣና ያለ ወገንተኝነት እጽፋለሁ ይላል።

ይህን ቃሉን በፈተና ወረቀት ላይ ጠቅሶ ማለፍ አይበቃም፤ መፈተን አለበት። ቁጣው አልጠፋም። በኋለኛው ጨካኝ ቄሣር በዶሚጥያኖስ ዘመን ሹመት ተቀብሎ ዝም ብሎ የኖረ ሰው ስለነበር፣ ሴኔት በጢባርዮስ ፊት ሲያጎነብስ ሲያሳየን የራሱ ቁስል አብሮ ይታያል። ዘዴውም ረቂቅ ነው። መጥፎ ወሬ ያመጣል፣ በዝርዝር ይተርከዋል፣ ከዚያ «ይህ አይታመንም» ይላል፤ ወሬው ግን በአንባቢው ልብ ቀርቷል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በመጽሐፍ 4 ጢባርዮስ የገዛ ልጁን ድሩሱስን መርዞ ገደለ የሚለውን ወሬ አቅርቦ ያፈረሰበት ቦታ ነው። ይህን አንድ ምሳሌ በደንብ የያዘ ተማሪ ስለ ታኪተስ አድሏዊነት ሦስት አጠቃላይ አረፍተ ነገር ከመጻፍ ይድናል።

የተረፈው ምንድን ነው? መጽሐፍ 1 እስከ 4 ሙሉ ናቸው፤ 5 ጅምሩ ብቻ አለ፤ 6 በከፊል አለ። ስለዚህ ጢባርዮስ በደንብ ይገኛል፣ በ31 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቄሣሩ ዘበኞች አዛዥ የሴያኑስ ውድቀት የተተረከበት ቦታ ግን ጠፍቷል። 7 እስከ 10 ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል፤ ካሊጉላና የቀላውዴዎስ የመጀመሪያ ዓመታት አብረው ሄደዋል። ከ47 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና ይመጣል፣ በ66 ላይ ይቋረጣል፤ ስለዚህ የኔሮን ሞት ከታኪተስ አይገኝም። አውግስጦስን የሚነካው በመጽሐፍ 1 መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ሆኖም ምዕራፍ 9 እና 10ን አትዝለሏቸው፦ ሰዎች አውግስጦስን ሲቀብሩ ግማሹ ሲያመሰግነው ግማሹ ሲነቅፈው ጎን ለጎን የተጻፈባቸው ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ለአውግስጦስ ድርሰት ከእነዚህ የተሻለ አጭር ንባብ አላውቅም።

ታኪተስን ከሌሎቹ የሚለየው ሌላው ነገር በእጃችን ባለ ነሐስ ልንፈትነው መቻላችን ነው። በ48 ዓ.ም. ቀላውዴዎስ የጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) መኳንንት ሴኔት ይግቡ ብሎ ንግግር አድርጎ ነበር። ታኪተስ በመጽሐፍ 11 ምዕራፍ 24 አሳጥሮ፣ አሣምሮ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ አቅርቦታል። በ1528 ደግሞ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ንግግሩ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተገኘ፤ እዚያ ቀላውዴዎስ ከርዕሱ እየወጣ ስለ ጥንት የሮም ነገሥታት ሲተነትን ይታያል። ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቃሉ ግን የታኪተስ ነው። ሌላው በስፔን የተገኘውና በ1996 የታተመው የሴኔት ውሳኔ ነው፤ የጢባርዮስን የጉዲፈቻ ልጅ ጌርማኒኩስን ገደለ ተብሎ በ20 ዓ.ም. ስለተከሰሰው ፒሶ ይናገራል። ታኪተስ በመጽሐፍ 3 ከተረከው ጋር ሲነጻጸር ሴኔቱ ራሱ ለሕዝብ ሊያሳይ የፈለገው ገጽታ ምን እንደነበር ያሳያል። ተማሪ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ቢይዝ ይበቃዋል።

ሱዌቶኒየስ

ከታኪተስ በዕድሜ ያንሳል፤ በ69 ዓ.ም. ወይም በ70 አካባቢ ተወለደ። የፈረሰኛ መደብ (ከሴኔት አባላት ቀጥሎ ያለው ባለጸጋ መደብ) ሰው ሲሆን በቄሣር ሐድሪያኖስ ቤተ መንግሥት የደብዳቤዎች ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በ122 አካባቢ ከሥራው ተነሣ። ከዩልዮስ ቄሣር እስከ ዶሚጥያኖስ የ12 ሰዎችን ሕይወት የጻፈ ሲሆን፣ ለፈተናው የሚያስፈልጉት አምስቱ በሙሉ ተርፈዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካሊጉላንም፣ የቀላውዴዎስን መጀመሪያም፣ የኔሮንን ሞትም በላቲን የምናገኘው ከእሱ ነው።

አጻጻፉ በዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን በርዕስ ነው፤ ዘመድ፣ ሕንፃ፣ ሕግ፣ ጠባይ፣ ምግብ፣ መልክ፣ አሟሟት። ስለዚህ ዓመት ለማወቅ አይመችም፤ ጉዳይ ለመፈለግ ግን ይመቻል። በካሊጉላ ሕይወት ምዕራፍ 22 ላይ እስካሁን ስለ ቄሣር ተናገርኩ፣ ከዚህ በኋላ ስለ አውሬ እናገራለሁ ብሎ መጽሐፉን ለሁለት ይከፍለዋል። ይህች አንዲት መስመር ለድርሰት ታላቅ ሀብት ናት፤ ደግ ሥራና ክፉ ሥራ ተለይተው የተደረደሩት በጊዜ ስለተለያዩ ሳይሆን ጸሐፊው ስለለያቸው መሆኑን ታሳያለች። ብዙ ተማሪዎች ግን ካሊጉላ መጀመሪያ ደግ ነበር፣ በኋላ አበደ ብለው እንደ ዘመን ቅደም ተከተል ይጽፉታል።

ሱዌቶኒየስን «ሐሜተኛ» ብሎ መጣል በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማም። ሐሜቱ አለ። ካሊጉላ ፈረሱን ኮንሱል ሊያደርገው አስቦ ነበር የሚለውን እንኳ «ይባላል» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ይህን «ይባላል» ትተው ፈረሱ ኮንሱል ሆነ የሚሉ ወረቀቶች አይቼ አዝኛለሁ። ሐሜተኛ የተባለው ሰው ግን መዝገብ አገላባጭም ነው። የካሊጉላን የትውልድ ቦታ ለማወቅ ሦስት የተለያዩ አስተያየቶችን አቅርቦ፣ በመጨረሻ በይፋ መዝገብ ላይ ያገኛትን የባሕር ዳር ከተማ አንቲየምን ይመርጣል። የአውግስጦስን ደብዳቤዎች በቃላቸው ይጠቅሳል። ታኪተስ ኔሮን ግጥሙን ከሌሎች ጋር እየገጣጠመ ነበር የሚጽፈው ሲል፣ ሱዌቶኒየስ የኔሮን የእጅ ጽሑፍ ያለባቸው ማስታወሻዎች እጄ ገብተዋል፣ ስርዝ ድልዝ አለባቸው፣ ስለዚህ ራሱ ነው የጻፋቸው ይላል። እዚህ ላይ የተሻለው ምስክር ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ጥቅምም አለው። ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ያዘዘውን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 አንብበናል። ሱዌቶኒየስ በቀላውዴዎስ ሕይወት ምዕራፍ 25 ይህንኑ ነገር ይጠቅሳል፤ «ክሬስቱስ» የሚባል ሰው ሁከት አስነሥቷል ይላል። ክሬስቱስ ማለት ክርስቶስ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ድርሰት ላይ ግን «የተረጋገጠ» ብላችሁ አትጻፉት።

ካሲየስ ዲዮ

ከኒቅያ የመጣ፣ በግሪክኛ የጻፈ፣ በ229 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ኮንሱል የሆነ የሴኔት አባል ነው። ከአውግስጦስ ሁለት መቶ ዓመት ይርቃል። አሥር ዓመት ማስረጃ ሰብስቦ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጽፎ ሰማንያ መጻሕፍት አዘጋጀ። ለአውግስጦስ ዘመን ከሁሉም የተሻለው ተከታታይ ትረካ የእሱ ነው፤ ከ31 ዓ.ዓ. ጀምሮ የአውግስጦስ ሥልጣን የተደነገገባቸውን የ27 እና የ23 ዓ.ዓ. ዝግጅቶች በቅደም ተከተል የሚያገናኝ ሌላ ጸሐፊ የለንም። የካሊጉላ ታሪኩም ብዙው ተርፏል። ከቀላውዴዎስ አጋማሽ ጀምሮ ግን የምናነበው የዲዮን ራሱን ሳይሆን በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ያሳጠሩትን ነው። ስለ ኔሮን «ዲዮ እንዲህ ይላል» ስትሉ፣ አሳጣሪው እንዲህ አስቀርቶታል ማለታችሁ ነው።

ከዲዮ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ መጽሐፍ 53 ምዕራፍ 19ን ያዙ። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ጉዳዮች በምስጢር መደረግ እንደጀመሩ፣ የሚወራውም ሊጣራ እንዳልቻለ ራሱ ይናዘዛል። ከሁሉም ጸሐፊዎች ስለ ምንጮች አስተማማኝነት ይህን ያህል በግልጽ የተናገረ የለም።

የቀሩት ባጭሩ

ቬሌየስ ፓተርኩሉስ በጢባርዮስ ሥር በጌርማንያና በፓኖንያ ስምንት ዓመት የዘመተ ወታደር ነው፤ በ30 ዓ.ም. ጻፈ። ጌታውን ያወድሳል፣ ሴያኑስንም ያወድሳል፤ ሴያኑስ በዓመቱ ተገደለ። ከታኪተስ ጋር ሲደረግ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ለብቻው ግን አይቆምም። አይሁዳዊው ፈላስፋ ፊሎን የእስክንድርያ አይሁድን መልእክተኞች መርቶ ካሊጉላ ፊት የቆመ የዓይን እማኝ ነው። እነሱ አቤቱታቸውን ሲያሰሙ ቄሣሩ ከክፍል ክፍል እየዞረ ሕንፃ ሲያይ፣ ለምን የአሳማ ሥጋ እንደማይበሉም ሲጠይቃቸው እናያለን። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ደግሞ በ«ጥንተ አይሁድ» መጽሐፍ 19 የካሊጉላን ግድያ፣ ጥር 24 ቀን 41 የሆነውን፣ ከሁሉም በላይ በዝርዝር ይተርካል። በግዕዝ «ዜና አይሁድ» የሚባለውና ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚል ስም ያለበት መጽሐፍ ግን የእሱ አይደለም፤ ከእሱ ሥራ በኋላ በዕብራይስጥ ከተዘጋጀ መጽሐፍ የመጣ ነው። ቤት ውስጥ ስላለ ብላችሁ ለፈተና እንዳትጠቅሱት።

የአውግስጦስ የገዛ ራሱ የሥራ ዝርዝር፣ አንካራ ባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተረፈው፣ 35 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ያላለውን ፈልጉበት፦ ተቀናቃኙን አንቶንዮስን በስሙ አይጠራም፣ በ9 ዓ.ም. በጌርማንያ ጫካ ያለቁትን ሦስት ሌጌዎኖች አያነሣም። በምዕራፍ 26 ላይ ሠራዊቴ «ኢትዮጵያ» ገብቶ እስከ ናፓታ ደረሰ ይላል። ይህች ኢትዮጵያ መርዌ አጠገብ ያለችው የኩሽ ምድር፣ የዛሬዋ ሰሜን ሱዳን ናት እንጂ አክሱም አይደለችም። ልጆቻችን ስሙን ሲያዩ ደስ ብሏቸው እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው።

አንድ ምሽት፣ ሦስት ጸሐፊዎች

የማነጻጸር ልምምድ ለማድረግ ከሐምሌ 64ቱ የሮም ቃጠሎ የተሻለ ቦታ የለም። ሱዌቶኒየስ ኔሮን ከተማዋን አስቃጠለ፣ ከማይኬናስ ግንብ ላይ ሆኖ በመድረክ ልብሱ የትሮይን ጥፋት ዘመረ ይላል። ዲዮ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ያቆመዋል። ታኪተስ በአጋጣሚ ይሁን በቄሣሩ ተንኮል አይታወቅም ይላል፤ ኔሮን አንቲየም እንደነበር፣ ሲመለስ ለተፈናቀሉት መጠለያ እንደከፈተ፣ ዝማሬው ወሬ እንደሆነ ይጽፋል። ክርስቲያኖች በቃጠሎው ምክንያት መሠቃየታቸውን የሚነግረን ታኪተስ ነው። ሱዌቶኒየስ የክርስቲያኖቹን ቅጣት ከቃጠሎው ለይቶ፣ ያውም ከማይነቀፉ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ፣ በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል። ይህን ልዩነት አይቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ለፈተናው ዝግጁ ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ጸሐፊ | ከድርጊቱ ያለው ርቀት | የሚበረታበት ቄሣር | የሚጎድልበት | ሸክሙ ለተማሪ |
|---|---|---|---|---|
| ታኪተስ | ከ40 እስከ 100 ዓመት | ጢባርዮስ፣ የኋለኛው ቀላውዴዎስ፣ ኔሮን | ካሊጉላ የለም፤ አውግስጦስ ጥቂት | ከባድ |
| ሱዌቶኒየስ | ከ50 እስከ 150 ዓመት | አምስቱም፣ በተለይ ካሊጉላ | የዘመን ቅደም ተከተል | መካከለኛ፣ 340 አጫጭር ምዕራፎች |
| ዲዮ | ከ150 ዓመት በላይ | አውግስጦስ፣ ካሊጉላ | ኔሮን በአሕጽሮት ብቻ | ከባድ፣ እየመረጡ |
| ቬሌየስ | በዘመኑ | ጢባርዮስ | ከ30 ዓ.ም. በኋላ የለም | ቀላል |
| ፊሎንና ዮሴፍ | በዘመኑና 50 ዓመት ያህል | ካሊጉላ፣ የቀላውዴዎስ መንገሥ | ሌላው ሁሉ | ቀላል፣ የተመረጡ ገጾች |
| የአውግስጦስ ዝርዝር | የራሱ ቃል | አውግስጦስ | የማይመቸው ሁሉ | 1 ሰዓት |

ለማን የቱ ይስማማል

ሁለት ሳምንት ብቻ የቀራችሁ ሱዌቶኒየስን መነሻ አድርጉ፤ ለአምስቱም ቄሣሮች ሳይጎድል የሚደርስ እሱ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ቄሣር አንድ ተቃዋሚ ምስክር ጨምሩ፦ ለአውግስጦስ የራሱን ዝርዝርና የታኪተስን ሁለት ምዕራፎች፣ ለጢባርዮስ የፒሶን ፍርድ፣ ለካሊጉላ ፊሎንን፣ ለቀላውዴዎስ የሊዮንን ሰሌዳ፣ ለኔሮን የታኪተስን መጽሐፍ 15። አሥር ምንባብ በደንብ የተያዘ ሙሉ መጽሐፍ በግርድፉ ከተነበበ ይሻላል።

ሁለት ወር ያላችሁና ከፍተኛ ውጤት የምትፈልጉ ታኪተስን ማዕከል አድርጉ። መጽሐፍ 1፣ 4 እና 13 እስከ 15ን ሙሉ አንብቡ፤ ለአውግስጦስ ከዲዮ 53ኛውን ጨምሩ።

ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ የምነግረው፣ ታኪተስ፣ ሱዌቶኒየስና ዲዮ በነፃ እንደሚገኙ ነው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ላከስ ከርቲየስና ፐርሲየስ በተባሉ ድረ ገጾች ላይ ሙሉ በሙሉ አሉ። ችግሩ ቋንቋቸው ያረጀ መሆኑ ነው፤ በቅርብ ከአገር ቤት ለመጣና እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ድርብ ሸክም ይሆናል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ያለው ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በዘመናዊ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የሱዌቶኒየስ ያገለገለ ቅጂ ይገዛ፤ ታኪተስን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይዋስ። ላክተር የሚባለው የመምህራን ተከታታይ የድንጋይ ጽሑፎችንና ሳንቲሞችን በርዕስ ሰብስቦ ስለያዘ ጠቃሚ ነው፤ ሁለቱን ዋና ጸሐፊዎች ግን አይተካም።

ካርድ ላይ ስትጽፉ ከፊት ድርጊቱንና ዓመቱን፣ ከኋላ ሁለት ጸሐፊዎችን ከመጽሐፍና ከምዕራፍ ቁጥራቸው ጋር አስቀምጡ፤ ከሥራቸው በአንድ መስመር ለምን እንደተለያዩ ጻፉ። ይህች ሦስተኛ መስመር ባዶ የሆነችበት ካርድ ገና አልተጠናም ማለት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ከእሱ ጀምሩ።